ከሰው ተጠንቀቁ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ውሻዬ ሻምበል በገመድ አስሮ ተራራ ይዞኝ ወጣ።

ወደ ተራራው ከመሄዴ በፊት ስለ ማታው ትንሽ ልናገር፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። የምኖረው እትዬ በለጥሻቸው ግቢ ውስጥ፣ ከኋላ ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ ነው። ሻምበልን ሳስገባ ግቢውን ይጠብቃል ብዬ አሳምኛቸው ነበር። እሳቸውም አምነው በሩ ላይ «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚል ቆርቆሮ አስመቱ። ሻምበል ግን አይጮህም። ቆሻሻ ሰብሳቢ ሲመጣ ዝም፤ ቆጣሪ አንባቢ ሲመጣ ዝም። በቀደም ዕለት ከገመድ ላይ የእትዬን ብርድ ልብስ አውርዶ የሄደውን ሰውዬማ ጭራውን እየቆላ እስከ በሩ ሸኝቶታል። ትናንት ማታ እትዬ በለጥሻቸው ደጄ ላይ ቆመው የመጨረሻውን ነገሩኝ።

«የማይጮህ ውሻ ምን ሊሆን ነው የሚበላው?» አሉ። «ነገ ጠዋት ወንድሜ በመኪናው ይመጣል። እንጦጦ ጫካ ወስዶ ይጥለዋል።»

«እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ጊዜ ይስጡት።»

«ዛሬ ሌሊት ከጮኸ ይቆያል። ካልጮኸ ተራራ ነው። ደግሞ እንዳትላቀስብኝ።»

እሳቸው ሲገቡ ሻምበልን ለመንኩት። አፌን ከፍቼ እንዴት እንደሚጮህ ላሳየው ነበር፤ ጎረቤት ይሰማል ብዬ ተውኩት። እራሱን እግሬ ላይ ጣል አደረገና አንቀላፋ። እኔም ገብቼ ተኛሁ።

በሕልሜ ጠዋት ነበር። ሻምበል በሁለት እግራቸው ቆመው ገመዱን አንገቴ ላይ ያስራሉ። አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ጀርባቸው ላይ ድንኳን ተሸክመዋል፤ ከጎኑ ብረት ድስት ተንጠልጥሏል።

«ጠበቀህ?» አሉኝ።

«ደህና ነው፣ ሻምበል።»

«በል ሽንትህን ሽና። መንገድ ላይ አንቆምም።»

ታክሲ ያዝን። ውሾቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ እኛ ሰዎቹ ከወንበር ሥር ተጣጥፈን ተኝተናል። ረዳቷ ድመት ነበረች። በሩ ላይ ተንጠልጥላ «ራስ ደጀን በአቋራጭ፣ አንድ ውሻ የቀረው» እያለች ትጣራለች። አንድም ውሻ አላባረራትም። አጠገቤ የተኙ ሴትዮ በሹክሹክታ «መስኮት አጠገብ ያስቀምጡሃል?» ብለው ጠየቁኝ። አያስቀምጡኝም አልኩ። «የእኔዋ አንዳንዴ እራሴን እንዳወጣ ትፈቅድልኛለች» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ወራጅ አለ» አሉ ሻምበል።

ታክሲው አልቆመም። ተራራው መጥቶ ቆመልን። ወረድን።

አቀበቱ እንደፈራሁት አልነበረም። እኛ ስንሄድ ተራራው ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እኛ ስናርፍ ግን እሱ ይሄዳል። ስለዚህ አሥሬ አረፍን፤ በቶሎም ደረስን። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ይሞቅ ነበር። ደመናው ከእግራችን በታች ሆኖ ወደ ላይ ይዘንባል፤ ጫማዬ በሶሉ በኩል ራሰ። ሻምበል አልፎ አልፎ ድንጋይ አንስተው ይወረውሩና «አምጣ» ይሉኛል። አመጣለሁ። ራሴን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ ያደርጉኛል። እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር።

የፓርኩ መግቢያ ላይ አንድ ጭላዳ ዝንጀሮ የጥበቃ ካፖርት ለብሶ፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀምጧል። ከኋላው «ከሰው ተጠንቀቁ» የሚል ቆርቆሮ ተመትቷል።

«ሰውየው ተከትቧል?» አለ።

«ተከትቧል» አሉ ሻምበል።

«ይናከሳል?»

«ኧረ አይነካም። ጨዋ ነው።»

«ይጮሃል?»

ሻምበል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገና እየተማረ ነው።»

ጭላዳው ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና በሐዘኔታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «የማይጮህ ሰው ምን ሊሆን ነው የሚበላው?» አለ። ቢሆንም አሳለፈን።

ከላይ ሰፊ ሜዳ ነበር። ድንኳኖች ተተክለዋል፤ በየድንኳኑ ደጅ አንድ አንድ ሰው ታስሯል። ሜዳው መሐል ላይ ትልቅ የብረት በር ብቻውን ቆሟል። አጥር የለውም። በግራም በቀኝም እስከ ጎንደር ድረስ ገላጣ ነው። በሩ አጠገብ አንዲት ያረጁ ነጭ ውሻ ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቆመዋል። የተራራው ባለቤት እሳቸው ነበሩ፤ ከባላቸው ነው የወረሱት። ሁሉም እትዬ ይላቸዋል።

«በር በሦስት ሰዓት ይዘጋል» አሉ እትዬ። «እንግዳ ማሳደር የለም። ልብስ ማጠብ ሐሙስ ብቻ ነው። ግድግዳ ላይ ምስማር መምታት አልወድም።»

ግድግዳ አልነበረም። ሻምበል «እሺ እትዬ» አሉ።

«ይኼ ነው የማይጮኸው?»

«እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ጊዜ ይስጡት።»

«ዛሬ ሌሊት ከጮኸ ይዘኸው ትወርዳለህ። ካልጮኸ ጠዋት ድንኳንህን ጠቅልለህ እሱን እዚያ ገደሉ ጫፍ ላይ ታቆመዋለህ። ደግሞ እንዳትላቀስብኝ።»

ጫፉን አየሁት። ጅብራዎች፣ እነዚያ ሰው የሚያህሉ የደጋ ተክሎች፣ በጭጋግ ውስጥ ተገትረው ቆመዋል።

ሻምበል ድንኳኑን ተከሉ፤ እኔን ካስማው ላይ አሰሩኝ። ጎረቤት ድንኳን ደጅ ላይ አንድ ወፍራም ሰውዬ ታስረው አጥንት ይግጣሉ። አቶ ደስይበለው እባላለሁ አሉኝ። ድሮ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ አሁን የአንዲት ትንሽ ፀጉራም ውሻ ናቸው።

«ትጮሃለህ?» አሉኝ።

«አልችልም።»

«ቀላል እኮ ነው። ድምፅ ስትሰማ መጮህ ነው። ማን እንደሆነ ግን ቀና ብለህ አትይ። ፊቱን ካየኸው አይመጣልህም።»

«እርስዎ የት ተማሩት?»

«ስብሰባ ላይ።» አጥንታቸውን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። «ቅመስ፣ አትፈር። እነዚያን ታያቸዋለህ?»

ወደ ጅብራዎቹ አመለከቱኝ። ልብ ብዬ ሳያቸው አንደኛው ክራባት አስሯል። ሌላዋ ቦርሳዋን ክንዷ ላይ እንዳንጠለጠለች ቅጠል አውጥታለች።

«ያ ክራባት ያለው የሒሳብ ሹም ነበር» አሉ አቶ ደስይበለው። «በጣም ጨዋ ሰው። የመጣውን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ እያለ ነው የቀረው።»

በዚያ ተራራ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ማታ ነበር። ሦስት ሰዓት ሲሆን ቦግ አለች። እትዬ በሩን ቆለፉት። በበሩ ጎን ዞሮ የሚያልፍ አልነበረም፤ ውጭ የቀሩ ሁለት ውሾች በሩ ተዘጋብን ብለው እዚያው ደጁ ላይ ተቀመጡ። ሻምበል ከድስቱ የተረፈውን አፍስሰው አቀረቡልኝና አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

«ስማኝ» አሉ። «እዚህ ያሉት ሌቦች ክፉዎች ናቸው። ዕቃ አምጥተው ያስቀምጣሉ። ፓርኩ ደግሞ ምንም ነገር ጥሎ መሄድ አይፈቅድም። ጠዋት ደጃችን የተገኘውን ሁሉ ተሸክመን መውረድ አለብን። እኔ ወገቤን ያመኛል።»

«ገባኝ፣ ሻምበል።»

«አንተን ጥዬ መሄድ አልፈልግም። ለምጄሃለሁ።»

ይህን ብለው ድንኳኑ ውስጥ ገቡ። እኔ ፀሐይዋ ላይ ቁጭ ብዬ ጥበቃዬን ጀመርኩ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች» አለ አንድ ድምፅ።

አቶ ደስይበለው ያሉኝን አስታወስኩ። ቀና እንዳልል አንገቴን ደፋሁ። ግን ሰው ቤቶች ብሎ ዝም አይባልም። ቀና አልኩ። አንድ ሰውዬ ፍሪጅ አዝሎ ቆሟል። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል።

«ቁልፉ የለኝም» አልኩት። «እትዬ ጋ ነው።»

«ግድ የለም» አለና በጎን ዞሮ ገባ። ማንም የማያደርገውን ነገር እሱ አደረገው። ውጭ የቀሩት ውሾች ተያዩ፤ ግን አልተከተሉትም።

«ሌባ ነህ?» አልኩት።

«አዎ፣ ወንድሜ። ከታች ጀምሮ ተሸክሜ ነው፤ ወገቤ ተቆረጠ። እስቲ አንድ ጫፍ ያዝልኝ።»

ያዝኩለት። ቀስ አድርገን አወረድነው። ከዚያ ተመልሶ ቡፌ አመጣ። ብርጭቆዎቹ እንዳይሰበሩ እኔ የቡፌውን በር ደገፍ አደረግኩለት። ከዚያ ሶፋ አመጣ። ሶፋው ላይ አብረን ተቀምጠን አረፍን። በመጨረሻ ከብብቱ አንድ ብርድ ልብስ አወጣ፤ ከእትዬ በለጥሻቸው ገመድ ላይ የወረደው ነበር።

«ይቺም የእናንተ ናት» አለ። «በጣም ታሞቃለች። አመሰግናለሁ።»

«ኧረ ምንም አይደል» አልኩት። እስከ ገመዴ ጫፍ ሸኘሁት።

ሻምበል ነቅተው ሲወጡ ፍሪጁን አዩ። ቡፌውን አዩ። ሶፋውን ዞረው አሸተቱትና ጫፉ ላይ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን አልጮህክም?» አሉ።

«የደከመው መሰለኝ።»

ሶፋውን በመዳፋቸው ደባበሱት።

«እርስዎስ ሻምበል፣ እቤት ለምን አይጮሁም?»

«እኔ እንጃ። የሚመጣው ሰው ሁሉ ጉዳይ ያለው ይመስለኛል።»

«እኔም» አልኩ።

«እንግዲያው ሁለታችንም አንረባም» አሉና ከጆሮዬ ኋላ አከኩኝ። እትዬ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ እስኪመጡ ድረስ አከኩኝ።

«ጠቅልል» አሉ እትዬ።

ሻምበል ጫፉ ድረስ ወሰዱኝ። ገመዱን ከአንገቴ ፈትተው በጥንቃቄ ጠቀለሉት፤ ያም ዕቃ ነው፣ ተጥሎ አይኬድም። ፍሪጁን አዘሉ። ቡፌውን ፍሪጁ ላይ ጫኑ፤ ሶፋውን በገመዱ አስረው ይጎትቱ ጀመር። ቁልቁለቱን ቀስ እያሉ ወረዱ። እኔ ልከተል ብዬ እግሬን ባነሳ አልነሳ አለኝ። ከጉልበቴ በታች ቅጠል አውጥቻለሁ።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለኝ ክራባት ያሰረው ጅብራ። «ነፋሱ በቀኝ በኩል ነው የሚመጣው። ትለምደዋለህ።»

«ጤና ይስጥልኝ» አልኩት።

ቅጠሉ ወገቤ ደረሰ። አያምም። ሻምበል አንድ ጊዜ ዞር ብለው አዩኝ። ሲዞሩ የፍሪጁ በር ተከፈተና አመዘነባቸው፤ የኋላ እግራቸው ሸተት አለ። ከፊታቸው ገደሉ ነው። ሻምበል ቀስ ይበሉ ልል አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም። መጀመሪያ እንደ ሳል ያለ ነገር ነበር። ሁለተኛው ወፈር አለ። በሦስተኛው ተራራው ራሱ መለሰልኝ። ጮህኩ። ማን እንደሰማኝ ቀና ብዬ አላየሁም። ሻምበል ቆሙ፤ ፍሪጁን አወረዱ፤ ጆሯቸው ተነሣ። አቶ ደስይበለው ከሩቅ «ጎሽ» አሉ። እኔ አላቆምኩም። ቅጠሉ ከላዬ እየረገፈ ጮህኩ፣ ጮህኩ።

«በቃ፣ በቃ፣ ሰምተናል» አሉ እትዬ በሩን በመዳፋቸው እየመቱ።

የሚመታው በር ግን የእኔ ነበር።

ነግቷል። አፌ እንደተከፈተ ነው፤ ጉሮሮዬ ተልጧል። ተነሥቼ ከፈትኩ። እትዬ በለጥሻቸው አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ደጄ ላይ ቆመዋል። ከውጭ የወንድማቸው መኪና ዞሮ ሲሄድ ይሰማል።

«ሰማኸው?» አሉ። እዚህ ከተከራየሁ ጀምሮ ፊታቸው እንዲህ ሲፈታ አይቼ አላውቅም። «ሊነጋጋ ሲል ለቀቀው እኮ። ምን ዓይነት ድምፅ ነው እባክህ። አጥሩ ላይ የተንጠለጠለ ሰውዬ ጫማውን ጥሎ ሮጠ። ጎረቤት ሁሉ ወጥቶ ሲያደንቅ ነበር።»

ሻምበልን አየሁት። ደጄ ሥር ተጋድሞ፣ አገጩን መዳፉ ላይ አሳርፎ፣ በአንድ ዓይኑ ያየኛል።

«ወንድሜን መልሼዋለሁ። ከእንግዲህ የትም አይሄድም» አሉ። «ብቻ እንዳይተወው። በየሌሊቱ እንዲሁ ያድርግ። አንድ ሌሊት ዝም ካለኝ ግን መኪናዋ ቅርብ ናት።»

እሺ ልላቸው ሞከርኩ። ድምፅ አልወጣኝም።

«ምን እንደ ጅብራ ትገተራለህ? ተቀበለኝ እንጂ» አሉና ከኋላቸው የያዙትን ዘረጉልኝ። አንድ ትልቅ ማንኪያ ማር ነው። «ወደ መጨረሻው ላይ ድምፁ ሻክሮ ነበር። ጉሮሮው እንዳይዘጋ።»

ተቀብዬ ጎንበስ አልኩ። ሻምበል እስከ ማንኪያው እጀታ ድረስ ላሱት።