የማይፈታው ሻንጣ

ቡና ጫኙ ወንድሜ ከድር ከመታመሙ በፊት በነበረው ቀን የከተማችንን የመቻራን ሐኪም ሻንጣ መኪና ላይ ሰቀለ።

«ጓድ ዶክተር፣ ይህ ሻንጣ አሰበ ተፈሪን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል እኮ!»

«ዛሬስ ላይመለስ ይችላል» አለ ሐኪሙ፤ ተሳሳቁ።

ሻንጣውን የማይፈታ ሐኪም አጋጥሟችሁ ያውቃል? መንግሥት ያስተማረበትን ዕዳ ሐኪም በሌለበት አገር ሠርቶ እንዲከፍል ወደ እኛ ተላከ። እሱ ግን በየወሩ ዝውውር ሊጠይቅ ወደ አሰበ ተፈሪ ይሄዳል። ቢፈቀድለት ከዚያው ሊቀር ስለሆነ ልብሱን ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው። እውነቱን ለመናገር፣ ከእሱ ይልቅ ሻንጣው ብዙ ደክሟል።

በማግስቱ ወባ ከድርን ራሱን አሳተው። የጤና ጣቢያው ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ «ከአቅሜ በላይ ነው፤ ዶክተሩ ይምጣ» አለ። ጠበቅነው። ከዚያ... እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የአስር ሶላት ከመሰገዱ በፊት ከድርን ቀበርነው።

በነጋታው ጠዋት ሐኪሙ ዝውውሩን ተከልክሎ ተመለሰ። ሻንጣውን የሚያወርድለት ከድር አልነበረም። እኔ አውርጄ ክፍሉ ድረስ ተሸከምኩለት። ገመዱን ፈትቼ ሸሚዞቹን የግድግዳው ምስማር ላይ መስቀል ጀመርኩ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ።

«ዶክተር፣ እናቴንም አተኩሷታል» አልኩት።