የትልቅ ድርጅት ዘመድ

ትልቅ ድርጅት ውስጥ ሠርታችሁ ታውቃላችሁ? ጥቅሙ አገር ቤት መከበር ነው፤ ጉዳቱም እሱው። አዲስ አበባ የተሰበረ ወንበሩን ማስቀየር ያቃተው ሰው፣ አገሩ ሐይቅ ከተማ ላይ ቀጣሪና አባራሪ ይሆናል! አክስቴ ዘሀራ በደወለች ቁጥር መርቃ መርቃ፣ «የሰይድን ነገር አደራ! ልጄ ሥራ ፈቶ ዋለብኝ» ትለኝ ነበር። «ኢንሻአላህ» እላለሁ። ሌላ ምን ሥልጣን አለኝ?

ጦርነቱ ሐይቅ ሲደርስ ስልኩ ተቋረጠ። የሚለማመጠኝ ጠፋ። በዚያ ሁሉ ሠራተኛ መሀል ቁጭ ብዬ የሚያስቸግረኝ ሰው ናፈቀኝ። ይኼስ ከጥቅሙ ነው ከጉዳቱ?

መስመሩ ሲከፈት ደወልኩ። አክስቴ እንደ ድሮው መረቀችኝ። አደራዋን ብጠብቅ አልመጣም። «የሰይድን ሥራ…» ብዬ ስጀምር አቋረጠችኝ።

«አብሽር ልጄ፣ የአላህ ውሳኔ ነው፤ ከእንግዲህ በሰይድ አላስቸግርህም።»