ክቡር ቶርሰንና የማይደርሰው ሐሙስ

እግዚአብሔር ለየከተማው አንድ እጁ የተባረከ ባለሙያ ይሰጣል፤ ቀጠሮ የማክበርን ጸጋ ግን ይነሳዋል። የአንዱ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው፣ የሌላው አናጺ። ሥራው እንከን አይወጣለትም፤ ችግሩ አልቆ ያየው ሰው ጥቂት መሆኑ ነው። ለእኛ ለዋዮሚንግ ሜዳ ሰዎች የደረሱን ሊቀ ጠበብት ላይል ቶርሰን ናቸው፤ የአሮጌ ሽጉጥ ወጌሻ።

በእኛ አገር አያት ሲሞት ከመሳቢያው ውስጥ አንድ የዛገ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አይጠፋም። ወራሹ አንጠልጥሎት ወደ ክቡርነታቸው ይሮጣል። "እንደ ድሮ ከብት ነጂዎች ሽጉጥ ያድርጉልኝ" ይላል። አፈሙዙ እንዲያጥር፣ እጀታው የአጋዘን ቀንድ እንዲሆን፣ ጥይቱን የሚመታው መዶሻ በአውራ ጣት ሲሳብ እንዲለሰልስ ይፈልጋል። በየወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ የጥርስ ሐኪማችንና የፖስታ ቤቷ ሴትዮ ሳይቀሩ ሰፊ ባርኔጣ ደፍተው፣ የቅድመ አያቶቻቸውን ዘመን ልብስ ለብሰው፣ በተደረደሩ የብረት ሳህኖች ላይ ይተኩሳሉና።

ክቡርነታቸው ሽጉጡን ያገላብጡታል፣ ያሸቱታል፤ ከዚያ ያችን ቃላቸውን ይናገራሉ፦ "ለሐሙስ ይደርሳል።" የትኛው ሐሙስ እንደሆነ እሳቸውና ፈጣሪ ይወቁ።

የከብት ሐኪሙ ክሌት ለሠርጉ ሊታጠቀው የሰጣቸው ሽጉጥ የደረሰለት የበኩር ልጁ ጥርስ ሲያበቅል ነው። ከዴንቨር ድረስ በንዴት እየነዳ የመጣ አንድ ሰው ደግሞ "ሽጉጤን ካልተቀበልኩ ከዚህ ንቅንቅ አልልም!" ብሎ ፎክሮ ነበር። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲወጣ ሁለተኛ ሽጉጡንም ለክቡርነታቸው ትቶላቸው ሄደ። ወርቅ ቅብ የጠየቀ ሀብታም ግን "ቅድመ አያትህ ከብት ነጂ ነበር ወይስ ሙሽራ?" ተብሎ ተመለሰ።

እኔም ከሰው ጋር አብሬ እስቅ ነበር፤ ተራው የእኛ እስኪሆን ድረስ።

አባቴ ዊልመር ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የዓይኑ ብርሃን ከመሃል እየተበላ ሄዷል፤ ሐኪሙ በረዶ ሳይጥል ዒላማ ማየት እንደሚሳነው ነግሮናል። አባቴ አላለቀሰም። የአጎቱን አሮጌ ሽጉጥ ከሣጥን አወጣና "በመስከረሙ ተኩስ ላይ በዚህ አምስት ጥይት ልተኩስ፤ ከዚያ በኋላ እንደፈለገ ይጨልም" አለ። ሽጉጡን መጋቢት ላይ ይዘን ሄድን።

"ለሐሙስ ይደርሳል" አሉ ክቡርነታቸው።

በየሐሙሱ አባቴን በመኪና ይዤው እሄዳለሁ፤ በየሐሙሱ ባዶ እጃችንን እንመለሳለን። ግንቦት ላይ የመንገድ ምልክት ማንበብ አቃተው። ሐምሌ ላይ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ባቄላ በሹካ መፈለግ ጀመረ። በነሐሴ ትዕግሥቴ አለቀ፤ አባቴን መኪናው ውስጥ ትቼ የወርክሾፑን በር በርግጄ ገባሁ።

"ጋሽ ላይል! ተፈታቶም ቢሆን ሽጉጡን ይስጡኝ!"

አልዞሩም። እንደገና ጮህኩ፤ አሁንም ወይ ፍንክች። ጠጋ ብዬ ሳይ የመፍቻ እጀታ በጥርሳቸው ነክሰው፣ የመፍቻውን ጫፍ በአባቴ ሽጉጥ ላይ አስደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መዶሻውን ቀስ እያሉ ይስባሉ። ሽጉጡ አልቋል፤ እንዴት እንደሚያምር! ትከሻቸውን ብነካቸው በድንጋጤ ዘለሉ።

"መቼ ነው ያለቀው?" አልኳቸው።

ዓይናቸው ከንፈሬ ላይ ነበር። "ግንቦት" አሉ በቀስታ። "ይሄ ዓይነት ሽጉጥ መዶሻው ሲሳብ አራት ጊዜ ቀጭ ይላል። አራቱን ሳልሰማ ከዚህ ቤት ያስወጣሁት ሽጉጥ የለም። ጆሮዬ ደግሞ ከዳኝ። ሦስቱን በመፍቻው ንዝረት በጥርሴ አገኛቸዋለሁ፤ አራተኛው ግን እምቢ አለኝ። እንከን ያለበት ነገር ለዊልመር አልሰጥም፣ ሬታ።"

"ታዲያ ምነው ቢነግሩን?"

"ደንቆሮ ሽጉጥ ሠሪ ጋ ማን ይመጣል?"

ንዴቴ የት እንደገባ እንጃ። አንጀቴን በሉት። ወጥቼ አባቴን እጁን ይዤ አስገባሁትና ሽጉጡ አጠገብ አስቀመጥኩት። ነገሩን ስነግረው ጆሮውን አስጠጋ። ክቡርነታቸው መዶሻውን ሳቡ። አባቴ በጣቱ እየቆጠረ ሦስት ላይ ፊቱን አጨማደደ፤ ቆይቶ አራተኛዋን ጣት አነሳ።

"አራተኛው አለ" አለ። "ግን ልክ እንዳንተ ነው፤ ይዘገያል።"

ፊት ለፊታቸው ቆሜ ቃል በቃል ደገምኩላቸው። ክቡርነታቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከዚያ ሽጉጡን ፈተው ሞረዳቸውን አነሱ። ሞረዱ፣ ገጠሙ፣ ሳቡ፤ እንደገና ፈተው ሞረዱ። በስንተኛው እንደሆነ አላውቅም፣ አባቴ "በቃ፣ አትንካው" አለ።

መስከረም ላይ አባቴ ባርኔጣውን ደፍቶ ተራውን ቆመ። ትከሻውን ይዤ ወደ ሳህኖቹ አዞርኩትና ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። አምስቱንም ሳይቸኩል ተኮሰ። ሽጉጡን አስቀምጦ ሲዞር ፊቱ በርቶ ነበር።

"ሦስት መታሁ! ብረቱ ሦስት ጊዜ ሲጮህ ሰማሁት!"

አጠገቤ ቆመው ሲያዩ የነበሩት ክቡርነታቸው ከንፈሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "የምን ሦስት? ሁለት ነው! በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።"

"ደንቆሮ ምን ያውቃል?"

"ዕውር ምን አየ?"

አሁን በረዶው ጥሏል፤ አባቴ እኔን የሚለየኝ በድምፄ ነው። ጠዋት ጠዋት ግን ከእኔ ቀድሞ ለብሶ በሩ ላይ ይቆማል፤ ወርክሾፑ ወስጄው ቀኑን ሙሉ የሰው ሽጉጥ ሲያዳምጥ ይውላል። ልወስደው ስመለስ ሁለቱም ወደ እኔ ይዞራሉ። "ሬታ፣ አንቺ እዚያው ነበርሽ፤ እውነቱን ተናገሪ፣ ስንት ነው?" ይሉኛል።

ዓይኔም ጆሮዬም ደህና ነው፤ ቁጥሩን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ግን እነዚህን ሁለት ሽማግሌዎች እወዳቸዋለሁ፤ የነገ ጨዋታቸውን ልወስድባቸው አልፈልግም። ስለዚህ "እኔ እንጃ፤ ጭሱ ዓይኔን፣ ነፋሱ ጆሮዬን ጋርዶብኝ ነበር" እላቸዋለሁ።