ጋሽ ቀያሽ ስፒከር ሲመርጡ

በየሰፈሩ አንድ መራጭ አለ። መራጭ የሌለበት ሰፈር ካገኛችሁ፣ መራጩ ገና ሰፈር እየመረጠ ነው ማለት ነው። ታውቁታላችሁ። ጫማ ሊለካ ገብቶ፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲመላለስ ሶሉን ጨርሶ፣ «ትንሽ ያረጀ ይመስላል» ብሎ የሚወጣው እሱ ነው። ሐብሐብ በጣቱ እያንኳኳ ጆሮውን የሚደቅነውም እሱ ነው። «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» የሚለው ተረት ስለ እሱ የተተረተ ነው፤ እሱ ግን ይህን ተረት ይቀበል ዘንድ በመጀመሪያ ሌሎቹን ተረቶች ማየት ይፈልጋል።

የእኛ ሰፈር መራጭ አጥር የምጋራቸው ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ መሬት ቀያሽ ስለሆኑ ሰፈሩ «ጋሽ ቀያሽ» ይላቸዋል። እኔ በልቤ «ክቡር የመራጮች ሊቀመንበር» እላቸዋለሁ። የበር ቁልፍ ለመምረጥ ሁለት ወር ፈጅተዋል፤ ሁለቱንም ወር በሩ በገመድ ታስሮ ከርሟል። የጋራ አጥራችንን ሦስት ጊዜ ለክተው፣ ሦስቱንም ጊዜ አራት ጣት ገብቼባቸው አግኝተውኛል። በየዓመቱ አንድ ቀን አጥሩን ደገፍ ብለው «ይቅር ብዬሃለሁ» ይሉኛል። አመሰግናለሁ።

ታዲያ እኚህ ሰው አንድ ማለዳ በዚያው አጥር ላይ ብቅ አሉና፣ «ስፒከር ልገዛ ነው፤ ከቤት ውጭ የሚሠራ፣ በብሉቱዝ የሚገናኝ፣ ቢወድቅ የማይሰበር፣ ውሃ የማይገባው» አሉኝ።

ደነገጥኩ። በአሥራ አምስት ዓመት ጉርብትናችን ከዚያ ግቢ ዘፈን ሰምቼ አላውቅም። የሚኖሩት እሳቸውና ታናሽ እህታቸው ብቻ ናቸው። እህትየው የልጅነት ስማቸው ሚጣ ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመት ቢሞላቸውም ስሙ አልለቀቃቸውምና ሰፈሩ ክብር ጨምሮ «እትዬ ሚጣ» ይላቸዋል። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሲያዩ ይውላሉ።

«ምን ዓይነት ዘፈን ሊያዳምጡ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«የምን ዘፈን?» አሉ፤ ቅር ብሏቸው። «ተነስ፣ አብረን እንሂድ። ያንተ ጆሮ ደህና ነው።»

የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ቀልጣፋ ሰው ነበር። ገና ሳንቀመጥ ዘፈን ለቆ መደርደሪያውን አንቀጠቀጠው። «ቤዙን ይስሙልኝ! ውሃም በፍጹም አይገባውም!»

«የትኛው ውሃ ነው የማይገባው?» አሉ ጋሽ ቀያሽ። «የባልዲ፣ የዝናብ ወይስ የረግረግ?»

ባለ ሱቁ ካርቶኑን አዙሮ ስድሳ ሰባት የሚል ቁጥር አሳያቸው። «ይኸው። አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ይቆያል።»

«ከግማሽ ሰዓት በኋላስ?»

«ከግማሽ ሰዓት በኋላማ ውሃ ውስጥ ምን ይሠራል ጋሼ?»

ጋሽ ቀያሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይንሳፈፋል?» ብለው ጠየቁት።

«ይንሳፈፋል!»

«ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ነው ወይስ ወደ ታች?»

ባለ ሱቁ እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ቀጥለው ስልካቸውን ከስፒከሩ ጋር አገናኙና ለባለ ሱቁ ሰጡት። «እኔ መንገዱን ስሻገር ይህን ተጫን» ብለው እጄን ይዘው ወጡ። ርምጃቸው ልክ ሰባ አምስት ሳንቲሜትር ነው፤ ሰማንያ ቆጠሩና ቆሙ። ስልሳ ሜትር ማለት ነው። እጃቸውን አነሱ።

መጀመሪያ የመጣው ዝናብ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ። ከዝናቡ ውስጥ አንዲት ሴት ተጣራች። «ሚጣ! ሚጣዬ! ነይ ግቢ፣ በሰበስሽ!»

መንገደኛው ቀና ብሎ ሰማይ አየ። ከጎናችን የቆመች ጋዜጣ ሻጭ ደመና በሌለበት ጋዜጦቿን በላስቲክ ሸፈነች። የእኔ ደግሞ የክንዴ ፀጉር ቆመ።

«ማናቸው?» አልኩ።

«እናቴ ናት» አሉ።

«የት ናቸው አሁን?»

«ከሞተች ሠላሳ አንድ ዓመቷ» አሉና ወደ ሱቁ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በየሱቁ የሰማሁትን ፍርድ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጡ። «መሰማትማ ይሰማል። ግን ማን ነው?»

«እንዴ! ሴትዮዋ ናቸዋ!» አለ ባለ ሱቁ።

«በዚህኛው ውስጥ ጉንፋን ይዟታል» ብለው ወጡ።

ምክንያቱን የነገሩኝ ወደ ቤት ስንመለስ ነው። እትዬ ሚጣ ዝናብ ሲጥል ከበረንዳው ተነስተው ይሄዳሉ። በጓሮ በር ወጥተው፣ ቁልቁል ወርደው፣ ከሰፈሩ ግርጌ ባለው ግድብ ዳር የሚገኘው ረግረግ ውስጥ ይገባሉ። ባለፈው ክረምት ሸምበቆ መሃል እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ተገኝተዋል። የጓሮውን በር ቢቆልፉባቸው በባዶ እጃቸው እየደበደቡ ጣታቸውን አደሙት። ወንድማቸው ሲጠሯቸው ይደበቃሉ፤ እንግዳ ሰው ከጠራቸው ደግሞ ወደ ጥልቁ ይሸሻሉ። እሺ የሚሉት አንድ ድምፅ ብቻ ነው።

ድምፁ የተረፈው በመራጭነት ነው። ጋሽ ቀያሽ የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ሳሉ ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ሊገዙ ፈልገው፣ ከባለ ሱቁ ለአንድ ቀን ተውሰው ግቢ ውስጥ ሲሞክሩ ዝናብ መጣ፤ እናትየውም ልጃቸውን ተጣሩ። በማግስቱ ቴፑን አልወደዱትምና መለሱት። ካሴቱን ግን አስቀሩ። ይኸው ወደ ስልክ ተገልብጦ፣ አንድ ቀን ሳሎን ውስጥ ሲከፈት፣ እትዬ ሚጣ ከመኝታ ቤት «መጣሁ!» ብለው እየሮጡ ወጡ። የስልኩ ድምፅ ግን ከግቢ አያልፍም፤ ዝናብ ካለ ደግሞ በረንዳውንም አይሻገርም።

«ክረምት ሊገባ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው» አሉኝ። «የዘንድሮው ውሃ ካምናው ይበልጣል። ያኔ ብትሄድብኝ አላገኛትም።»

ያን ሰሞን የሆነውን ሰፈሩ ይናገር። ጋሽ ቀያሽ ለሙከራ ያላመጡት ስፒከር የለም። ባልዲ ውስጥ ነከሩ፤ ከጣሪያ ላይ ጣሉ፤ ጭቃ ቀብተው አደረቁ። ከእያንዳንዱ ፈተና በኋላ ሟቿን ያናግሯቸዋል። ባለቤቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ጊዜ ከገመድ ላይ ልብስ አወረደች፤ ስድስቱንም ጊዜ ፀሐይ ነበር። ሰባተኛው ላይ አላወረደችም፤ ያን ዕለት እውነተኛ ዝናብ ልብሱን አበሰበሰው። መንገደኛው ሁሉ በእኛ በኩል ማለፍ ተወ።

ያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። ያስፈራኝ ስፒከሩ በተሻለ ቁጥር እናትየው መቅረባቸው ነው። «ትናንት ከአጥሩ ጥግ ነበሩ» አለችኝ ባለቤቴ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየላጠች። «ዛሬ መስኮቱ ሥር ናቸው።» ቢላዋውን አስቀምጣ መጋረጃውን ሳበች። እኔ ወንድ ነኝና አልሳቅሁባትም፤ ተነስቼ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ አጥሩ ላይ ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ይህኛውስ አልተስማማዎትም?»

«በትናንቱ በርሜል ውስጥ ነበረች። በዚህኛው ወጥታለች። ግን ዜና አንባቢ ትመስላለች፤ እናቴ ደግሞ ዜና ስትሰማ እንኳ ትቆጣ ነበር።»

«ሰው መሆናቸው ከታወቀ አይበቃም? እትዬ ሚጣ እንደሆኑ ይህን ሁሉ አይለዩ።»

ዓይናቸው ቀላ። «ሁሉን ረስታለች» አሉ። «እኔን ረስታለች። ይህችን አንዲቷን ነው የማትረሳ። በሐሰተኛ ድምፅ ጠርቻት አንድ ቀን ከነቃችብኝ ምን ቀረኝ?» ከዚያ ወዲህ መራጭነታቸውን አልተቸሁም።

የመረጡት አራት ማዕዘን፣ ብርቱካናማ፣ ጡብ የሚያህል ስፒከር ነው። ማምሻውን ሰማንያ ርምጃ ላይ ቆመን አዳመጥን። ጋሽ ቀያሽ ኮፍያቸውን አወለቁና «እሷ ናት» አሉ። ዕቃ ሲያጸድቁ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

ክረምቱ በገባ በአምስተኛው ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ውሃ ከኮፍያቸው እየወረደ፣ ስፒከሩን አቅፈው ቆመዋል። «ሚጣ የለችም። መድኃኒቷን ላመጣ ጓዳ ገባሁ፣ ተመለስኩ፣ የለችም» አሉ።

ቁልቁለቱን ወረድን። ከታች ጉም ተኝቶ ስለነበር ግድቡ አይታይም፤ ሸምበቆው ሲንሿሿ ብቻ ይሰማል። ቀያሽ ቀያሽ ነውና፣ እግር የማያሰምጠውን መሬት አስቀድመው ለክተው በየአሥር ሜትሩ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ችካል ተክለዋል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ችካሎች ይታያሉ፤ አራተኛው የለም። ስፒከሩን ድንጋይ ላይ አስቀመጡ፤ ስልኩን በላስቲክ ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉት።

«እኔ በችካሉ እገባለሁ። አንተ ጥራት። እሷን ይዤ እስክወጣ እንዳታቆም» ብለው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ተጫንኩ። ዝናቡ በዝናብ ላይ መጣ፤ የትኛው የሰማይ፣ የትኛው የካሴት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። «ሚጣ! ሚጣዬ! ነይ ግቢ፣ በሰበስሽ!» ድምፁ ውሃው ላይ ሄደ። ምንም። እንደገና ተጫንኩ። ምንም። ሦስተኛው ላይ የጋሽ ቀያሽ እግር ጭቃ ሲመታም መሰማቱን አቆመ፤ ከሞተች ሴት ጋር ብቻዬን ቀረሁ። አራተኛውን ስጫን ከግራ በኩል፣ ከምጠብቀው እጅግ ርቆ፣ አንዲት ልጅ መለሰች።

«መጣሁ!»

ልጅ ነው ያልኩት። እትዬ ሚጣ ናቸው፤ የአሥራ አራት ዓመት ድምፃቸው ነው የመጣው። «አለች!» ሲሉ ጋሽ ቀያሽን ሰማኋቸው፤ ውሃ ተንቦጫረቀ፤ ከዚያ ሁለቱም ጸጥ አሉ። ወደ ዳር እየመጡ ይሁን ወደ ውስጥ እየገቡ አላውቅም። ስልኩን ልጫን ስል ጣቴ እርጥብ ሆኖ ላስቲኩ ላይ ተንሸራተተ፤ ስልኩም ራሱ ወደሚቀጥለው ቅጂ ተሻገረ። የማውቀው አጭሩ ጥሪ ከዚህ የተቆረጠ ኖሯል። ይህኛው ያልተቆረጠው፣ ሙሉው ነበር።

ዝናብ። «ሚጣ! ሚጣዬ! ነይ ግቢ፣ በሰበስሽ!» የሚሮጥ ኮቴ። የበር ሲጢጥታ። ከዚያ እናትየው፣ አሁን አጠገቤ የቆሙ ያህል ቀርበው፣ «አንተስ? ያን ነገርህን አስቀምጥና ግባ እንጂ፤ ስንቴ ልጥራህ?» አሉ።

ካሴቱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ መለሰ። «ቆይ እማዬ፣ እየሞከርኩ ነው።»

ከጉሙ ውስጥ ያው ድምፅ፣ ሃምሳ ሁለት ዓመት አርጅቶ፣ «መጣሁ እማዬ» አለ።

ሦስተኛው ችካል ጋ ብቅ አሉ። እትዬ ሚጣ ከፊት ነበሩ፤ የወንድማቸውን እጅ ይዘው እየጎተቱ ያወጡት እሳቸው ናቸው። ጋሽ ቀያሽ አንድ ጫማቸውን ጭቃው አስቀርቶታል፤ ፊታቸው ላይ ያለው ዝናብ ብቻ አልነበረም። እኚህን ነዝናዛ ሽማግሌ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያወቅሁት እዚያ ነው፤ አራት ጣት አይደለም፣ ግቢዬን በሙሉ ቢወስዱት አልከፋም ነበር። ስልኩን ከእጄ ወስደው ዘጉት።

«ለእሷ ነው የገዛሁት» አሉኝ፣ ሳልጠይቃቸው።

«አውቃለሁ ጋሼ።»

ዳገቱን ልንጀምር ስንል እትዬ ሚጣ ቆሙ። ዞረው ድንጋዩ ላይ የቀረውን ብርቱካናማ ነገር አዩ፤ ውሃ ይወርድበታል። «እማዬስ?» አሉ። «እሷ አትገባም?»

ለሁሉም ነገር ልክ ያላቸው ጋሽ ቀያሽ እኔን አዩኝ። ያ ስፒከር በባልዲ ሲጠመቅ፣ ከጣሪያ ሲወድቅ፣ ጭቃ ሲበላ በዓይኔ አይቻለሁ። ተመልሼ አጠገቡ በርከክ አልኩ።

«ይግቡ፣ እማማ» አልኩና ኮቴን አውልቄ ደረብኩላቸው።