ሁለት ጥርስ ያለው ባትሪ

[ወላይታ ሶዶ። ከጊፋታ፣ ከወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል በፊት ያለው የመጨረሻው ቅዳሜ፣ ረፋድ ላይ። መብራት በፈረቃ የሚመጣበት ዓመት ነው። የወይዘሮ ንግሥቲ ባትሪ ቤት ደጃፍ። ገበሬው ጩማ የአንዲት ባለ ሦስት ጎማ ጋሪ እጀታ ይዞ ቆሟል። አጠገቡ ቦይና፣ ማለትም ጎደሬ፣ የሞላበት ጆንያ አለ። የሚስቱ ወንድም ሚልክያስ፣ ከነክራቫቱ፣ የተደረደሩትን ባትሪዎች ይገላምጣል። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው አቶ ኤርካሎ ጠርዝ ላይ በርጩማ ስበው፣ የሞተ ሞባይላቸውን ይዘው መብራት እስኪመጣ ይጠብቃሉ።]

ሚልክያስ፦ ትልቁን አልኩህ፣ ትልቁን!

ጩማ፦ ትንሿስ? ያቺ መደርደሪያው ላይ ያለችው?

ሚልክያስ፦ ያቺ ባትሪ ናት? ያቺ የባትሪ ልጅ ናት!

ጩማ፦ ብትሆንስ? ስታድግ አትጠቅምም?

ሚልክያስ፦ ጩማ፣ ባትሪ አያድግም!

ጩማ፦ ታዲያ ይሄ ትልቁ እንዴት ትልቅ ሆነ?

ሚልክያስ፦ [ወደ ሽማግሌው ዞሮ] ይሰማሉ ጋሼ ኤርካሎ? እህታችንን የሰጠነው ለዚህ ሰው ነው!

[አቶ ኤርካሎ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለማን እንደሆነ አይታወቅም።]

ጩማ፦ አትቆጣ ዋርሳዬ። አንተ አዋቂ ነህ ብዬ አይደል የጠራሁህ?

ሚልክያስ፦ [ክራቫቱን እያስተካከለ] እሱስ ነኝ። ስድስት ዓመት የአርባ ምንጭ አውቶቡስ ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። ይኸው አሁን ሬዲዮ እጠግናለሁ። ባትሪ ሲታመም በሽታውን ከጠረኑ የምለይ ሰው ነኝ። ለመሆኑ ይሄን ማሽን ማን ሰጠህ?

ጩማ፦ ቤቱን የምጠብቅለት ፈረንጅ። የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር የመጣው። አገሩ ሲገባ፣ «ባትሪው ሞቷል እንጂ ጤነኛ ነው» ብሎ ተወልኝ።

ሚልክያስ፦ ምን እንደሆነስ ታውቃለህ?

ጩማ፦ ጋሪ ነዋ።

ሚልክያስ፦ ጋሪ! የጎልፍ ጋሪ ነው! ጎልፍ ማለት የትልልቅ ሰዎች ጨዋታ ነው። ሜዳ ላይ ትንሽ ኳስ ታስቀምጣለህ፣ በዱላ ትለጋታለህ፣ ወደ ሩቅ ትሄዳለች።

ጩማ፦ እሺ። ማን ይቀማሃል?

ሚልክያስ፦ ማንም።

ጩማ፦ ማን ያባርርሃል?

ሚልክያስ፦ ማንም አያባርርህም! ራስህ በእግርህ ሄደህ ታገኛታለህ፣ እንደገና ትለጋታለህ።

ጩማ፦ እንዲህ ከሆነ መጀመሪያውኑ ቀስ አድርጎ ለምን አይመታትም? ሩቅ ባትሄድ እሱም አይደክም ነበር።

ሚልክያስ፦ [ግንባሩን ይዞ] ጨዋታው እሱ ነው!

ጩማ፦ ጋሪውስ ምን ያደርጋል?

ሚልክያስ፦ ዱላ ይሸከምለታል። አሥራ አራት ዱላ።

ጩማ፦ አሥራ አራት! ለአንዲት ኳስ! ኧረ ምን በድላው ነው?

ሚልክያስ፦ ተወው፣ ለአንተ አይገባህም። ዋናው ነገር፣ ቁልፉን ስትነካው ያለ ሰው ጉልበት ራሱ ይሄዳል። የሚጎድለው ደህና ባትሪ ነው። ይኸውልህ! የአይሱዙ ባትሪ! ይሄ አራት ቶን እህል ያነቃነቀ ባትሪ ነው።

ጩማ፦ እኔ ያለኝ አንድ ጆንያ ቦይና ነው።

ሚልክያስ፦ እንግዲያማ ይበራል!

ጩማ፦ አይ፣ አይብረር። ገበያ ይድረስልኝ እንጂ። እህትህ እታፈራሁ ገበያ ቦታ ይዛ ቁጭ ብላለች። የቦዲቲ ነጋዴዎች ደግሞ እኩለ ቀን ሳይሞላ ጭነው ይሄዳሉ። እነሱ ካመለጡን የጊፋታ በሬ ድርሻችን ቀረ ማለት ነው። ጎረቤት ሥጋ ሲከፋፈል እኛ ጭሱን ልናሸት?

ሚልክያስ፦ እስከዚህስ እንዴት አመጣኸው?

ጩማ፦ ቁልቁለት ስለሆነ ትናንት ራሱ መጣ፣ እኔ በገመድ ያዝ እያደረግሁ። ከዚህ ወዲያ ግን እስከ ገበያ ዳገት ነው። ወጌሻው ደግሞ የወለቀ ትከሻዬን መልሶ፣ «እስከ መስቀል መግፋትም መሸከምም የለም» ብሎኛል።

ሚልክያስ፦ እታፈራሁስ?

ጩማ፦ አምና ተሸክማ ወገቧ ተያዘ አይደል? ሁለት ወር ቀና ብላ አልሄደችም። ሌሊት ስታቃስት እሰማት ነበር። «ዘንድሮ ጀርባሽ ላይ ሸክም አይወጣም» ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ።

ሚልክያስ፦ እህቴን! የእሷ ወገብ እኮ የእኔ ወገብ ነው!

ጩማ፦ እውነትህን ነው? ታዲያ ይችን ጋሪ አንዴ ብትገፋልን...

ሚልክያስ፦ [ፈጥኖ] እኔማ ደስ ባለኝ። ሥራ አለኝ እንጂ። አራት ሬዲዮ ሆዱ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። እኔ የምረዳህ በምክር ነው።

ጩማ፦ እሺ፣ በምክር እርዳኝ። [ከትልቁ ባትሪ ፊት ቁጢጥ ብሎ ዙሪያውን ይዳስሰዋል።] ስንት ጥርስ ነው?

ሚልክያስ፦ ምኑ?

ጩማ፦ ይሄ ባትሪ። እኔ የሚታየኝ ሁለት ብቻ ነው። ሁለት ጥርስ የሆነ ወይፈን ደግሞ ለሸክም ገና ነው።

ሚልክያስ፦ ጥርስ አይደለም! ሽቦ የሚታሰርበት ነው! አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጌቲቭ ይባላል። አንዱ ይሰጣል፣ አንዱ ይቀበላል።

ጩማ፦ እንደ ባልና ሚስት?

ሚልክያስ፦ እ... አዎ፣ እንደዚያ በለው።

ጩማ፦ ቢገናኙስ?

ሚልክያስ፦ እሳት ይነሳል!

ጩማ፦ አሃ። እውነትም ባልና ሚስት ናቸው። እናቱንስ የሚያውቃት አለ?

ሚልክያስ፦ የማንን እናት?

ጩማ፦ እናቱን ሳይጠይቅ በሬ የሚገዛ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ተዋጊ ብትሆንስ?

ሚልክያስ፦ [እየጮኸ] እናቱ ኮሪያ ናት!

ጩማ፦ ኡ! ሩቅ ናታ። ብርድ የለመደ ለእኛ አገር ፀሐይ ይሆናል ብለህ ነው? ደግሞ ይኸውልህ፣ [በስንዝር እየለካ] ጋሪው ላይ የባትሪው ማደሪያ አንድ ስንዝር ነው። የአንተ ባትሪ ሁለት ስንዝር ከጋት። ትንሿ ግን ልክክ ትላለች።

ሚልክያስ፦ ስማ፣ አንተ በስንዝር እኔ በአምፔር አንነጋገርም። ባትሪ በክብደት ነው የሚመረጠው። ከባድ ከሆነ ጉልበት አለው ማለት ነው። ድንጋይና ላባ እኩል ነው?

ጩማ፦ ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት የሚወጣ ማን ነው?

ሚልክያስ፦ ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም! አንተ እኔን ልታስተምር ነው?

ጩማ፦ አይ፣ ፈርቼ እኮ ነው። ይሄ ነገር አይነቃነቅም ይለኛል ልቤ። ትንሿ ትሻላለች።

ሚልክያስ፦ ይነቃነቃል!

ጩማ፦ ኧረ አይነቃነቅም።

ሚልክያስ፦ ይነቃነቃል አልኩህ እኮ!

ጩማ፦ ማልልኝ እስቲ።

ሚልክያስ፦ እኔ አማኝ ነኝ፣ አልምልም። ቃሌ ግን ቃል ነው! ይኸው በጋሼ ኤርካሎ ፊት እናገራለሁ፦ ይሄ ባትሪ ይሄን ጆንያ ገበያ ካላደረሰ፣ እኔ ሚልክያስ ይሄን ጋሪ ራሴ ገፍቼ አደርሳለሁ!

ጩማ፦ ከነክራቫትህ?

ሚልክያስ፦ ከነክራቫቴ!

ጩማ፦ ሰምተዋል ጋሼ?

[አቶ ኤርካሎ ሞባይላቸውን ኪሳቸው ከተቱ፤ በርጩማቸውንም ጠጋ አደረጉ።]

ሚልክያስ፦ [ወደ ውስጥ] ንግሥቲ! ይችን የአይሱዙ ባትሪ ለሙከራ አውሺን! [እያቃሰተ ያነሳል።] ኧ... ኧኸ... ያዝ እንጂ!

ጩማ፦ ትከሻዬ!

[ሚልክያስ ብቻውን እየተንገዳገደ ባትሪውን ጋሪው ላይ ይጥለዋል። ማደሪያው ውስጥ አልገባም። በገመድ ጠፍሮ ያስረውና ሽቦውን ያገናኛል። ላቡ ክራቫቱ ላይ ይንጠባጠባል። ቁልፉን ይነካል። ጋሪዋ አጓርታ አንድ ሁለት እርምጃ ትሄዳለች።]

ጩማ፦ ሎኦ! ሎኦ! ደግ ነው፣ ሄደች!

ሚልክያስ፦ አላልኩህም? አየህ? በስንዝር ቢሆን እዚህ ትደርስ ነበር?

ጩማ፦ አልደርስም ነበር። ዋርሳዬ፣ እጅህ ይባረክ። አሁን ቦይናውን የት ላድርገው?

ሚልክያስ፦ [ጋሪዋን ይዞራታል፤ እንደገና ይዞራታል።] ቦይናውን... እ...

ጩማ፦ ባትሪው ቦታውን ሁሉ ይዞታል።

ሚልክያስ፦ ቦይናውን አንተ ይዘኸው ከኋላ ከኋላ ብትከተል...

ጩማ፦ ጋሪው ባትሪውን ተሸክሞ፣ እኔ ቦይናውን ተሸክሜ፣ ተከታትለን ገበያ እንግባ? ለቦዲቲ ነጋዴ ባትሪ ልሽጥለት ነው?

ሚልክያስ፦ ቆይ! አትቸኩል! ከላዩ ላይ ይጫናል! [ጆንያውን አንስቶ ባትሪው ላይ ያሳፍረዋል። ቁልፉን ይነካል። ጋሪዋ አንዴ «እእእ» ትልና ጎማዎቿን ከፍታ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች።] ተነሺ! ተነሺ እንጂ!

ጩማ፦ አለንጋ ላምጣ?

ሚልክያስ፦ ዝም በል! ችግሩ የባትሪው አይደለም። የጋሪዋ ወገብ ነው ያልቻለው።

ጩማ፦ ኧረ ወገብ ነገር አታንሳብኝ። ወገብ አይጎዳም ብዬ አይደል ጋሪ ያመጣሁት?

[አቶ ኤርካሎ ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። አንዴ፣ በደንብ አድርገው።]

ሚልክያስ፦ [ቀስ ብሎ] ጋሼ... እኔ እኮ ቃሌን አላጠፍኩም። ትንሽ ጊዜ... እሺ፣ ትንሿ ባትሪ ትሞከር! ንግሥቲ! ያቺን ትንሿን አምጪልን!

ጩማ፦ እሷማ አትሆንም።

ሚልክያስ፦ ከጠዋት ጀምሮ ትንሿ ትንሿ ስትል አልነበር?

ጩማ፦ ትሆናለች፤ ዛሬ ግን አትሆንም። አልተሞላችም። ያመጣኋት ረቡዕ ዕለት ነው፣ ትናንት ለአፍታ ብልጭ ካለው በቀር መብራት የለም። ፈረቃችን ዛሬ ማታ ነው አሉ።

ሚልክያስ፦ ያመጣኋት? ማን ያመጣት?

ጩማ፦ እኔ። ባትሪዋ የእኔ ናት። ፈረንጁ ሲሄድ የሞተችውን ባትሪ ስንዝሯን ለክቼ፣ ላይዋ ላይ ያለውን ቁጥር በወረቀት አስጽፌ፣ አረካ ድረስ ሄጄ ልኳን ገዛሁ። እዚህ ያመጣኋት ቻርጅ እንድትደረግ ነው። ትናንት ትንሽ መብራት መጥቶ ሳለ ሞክረናት፣ ጋሪዋ እስከዚያች ግራር ደርሳ ተመልሳለች። ንግሥቲን ጠይቃት።

[ከውስጥ የንግሥቲ ሳቅ ይሰማል።]

ሚልክያስ፦ [ክራቫቱን እየፈታ] እና ባትሪ ካለህ... ለምን «ባትሪ ምረጥልኝ» ብለህ ከቤቴ ጠራኸኝ?

ጩማ፦ ባትሪዋ ነገ ነው ሞልታ የምትደርሰው። ገበያው ደግሞ ዛሬ ነው። ምን እናድርግ ብለን ትናንት ማታ ከእታፈራሁ ጋር ተማከርን። «ወንድሜን እርዳኝ ብትለው ሥራ አለኝ ይላል» አለችኝ። «ምከረኝ ብትለው ግን ጫማውን ሳያስር ይመጣል። ከዚያ አንተ አይሆንም፣ አይሆንም ብቻ በለው፤ ሌላውን እሱ ራሱ ይጨርሰዋል» አለች።

ሚልክያስ፦ እህቴ ናት እንዲህ ያለችው?

ጩማ፦ እህትህ ናት። «ግን የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ባለበት ይሁን» ብላ ጋሼ ኤርካሎንም የነገረቻቸው እሷው ናት።

ሚልክያስ፦ ጋሼ! እርስዎም?

[አቶ ኤርካሎ ሞባይላቸውን አውጥተው፣ የሞተ መሆኑን እያወቁ፣ በጣም በጥሞና ያዩታል።]

ጩማ፦ ተነስ እንግዲህ ዋርሳዬ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። አይሱዙን አውርደው፣ ጆንያውን ጫን። እታፈራሁ ቦርዴ ጠምቃ ይዛልሃለች፣ እዚያ ስትደርስ አንድ ቅል ትጠጣለህ። አንተ ደግሞ ለመሞላት ፈረቃ አያስፈልግህም።

[ሚልክያስ ባትሪውን አውርዶ፣ ጆንያውን ጭኖ፣ ጋሪዋን ዳገቱን መግፋት ይጀምራል። አሥር እርምጃ ሄዶ ይቆማል።]

ሚልክያስ፦ ኡፍፍ... አንተስ? አንተ ምን ልትሠራ ነው?

ጩማ፦ እኔማ ጋሪ የሚገፋልኝ ሰው አገኘሁ። ያስተማርከኝን ልሞክር ነዋ! [ከመንገዱ ዳር ዱላ ያነሳል። ከጆንያው አንዲት ትንሽ ቦይና አውጥቶ መሬት ላይ ያስቀምጥና በደህና እጁ ይለጋታል። ቦይናዋ ዳገቱን ሽቅብ ትከንፋለች።] ኧረ! ሩቅ ሄደች! በል፣ እንከተላት!

ሚልክያስ፦ [ጋሪዋ ላይ ተደፍቶ] ቀስ አድርገህ ምታት አንተ ሰው! በፈጠረህ፣ ቀስ አድርገህ!