ጋሽ ወጋየሁና ሦስቱ የኤሊ ልጆች

በአዲስ አበባ ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ ሁሉን አዋቂ ተመድቦለታል። ማን እንደመደበው አይታወቅም፤ ዝውውርም የለውም። ለቡ ላይ ለእኛ የደረሱን ክቡር ጋሽ ወጋየሁ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር፣ የአጥር ጎረቤቴ።

ኤሊዬ ጓሮ የቀበረችው እንቁላል ተፈልፍሎ፣ ከቆርኪ ብዙም የማይበልጡ ሦስት ልጆች ወጡ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ምክር የምሰማበት አቅም አልነበረኝም። ጋሽ ወጋየሁ ግን ሰዓት ሳይሞላ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«እኔ የማውቀውን ልንገርሽ።»

ይህን ካሉ ምሳ ይቀዘቅዛል።

ወተት እንድሰጣቸው አዘዙኝ። የእንስሳት ሐኪሙ ወተት መከልከሉን ብነግራቸው የሐኪሙን ዕድሜ ጠየቁኝ። በማግስቱ ለብ ባለ ውሃ ስነክራቸው አይተው በብርድ ልትፈጂያቸው ነው ብለው ተቆጡ። በሦስተኛው ቀን፣ ሞያሌ መንገድ ላይ መኪና አቁመው ኤሊ ስላሻገሩ የኤሊን ጠባይ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ እንደሌለ አስረዱኝ። በአራተኛው ቀን በሬን ዘጋሁ። በመስኮት መከሩኝ።

በሳምንቱ ትንሿ መብላት አቆመች፤ ዓይኗንም ጨፈነች። ሐኪሙ በስልክ፣ በቀን ሦስቴ ውሃ ውስጥ አቆዪያት፣ አፍንጫዋ እንዳይሰጥም ጠብቂ አለኝ። ከሥራ መቅረት አልቻልኩም። ሐኪሙ ያለውን በወረቀት ጽፌ፣ ሌላ ሰው ስላልነበረኝ፣ ከቁልፉ ጋር ለጋሽ ወጋየሁ ሰጠኋቸው። ወተት ሲያጠጧት እየታየኝ ዋልኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስመለስ በረንዳዬ ላይ በርጩማ ስበው ተቀምጠዋል። መነጽራቸውን አድርገው፣ በሳህን ውሃ ውስጥ የትንሿን አገጭ በአንድ ጣት ደግፈዋል። ወረቀቱ ጉልበታቸው ላይ ነው። ምሳ እንኳ አልበሉም።

«ስለ ኤሊ ምንም አላውቅም» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ዝም ብዬ ማየት ግን አልቻልኩም።»

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ትንሿ ዓይኗን ገለጠች። ማምሻውን የሰላጣ ቅጠል ጫፍ ነከሰች።

በማግስቱ ጋሽ ወጋየሁ አልመጡም፤ «አላውቅም» በማለታቸው አፍረዋል መሰለኝ። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ አንድ ሰዓት እንኳ አልተመቸኝም። ሄጄ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ጋሽ ወጋየሁ፣ ትንሿ ፀሐይ ላይ ምን ያህል ትቆይ?»

ሐኪሙ ነግሮኛል፤ አሥር ደቂቃ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ማብራሪያው አርባ ደቂቃ ፈጀ፤ እኔም ቆሜ ሰማሁ።