የሜርኩሪ ቀንና የሽማግሌ ቀን

የሰማዩን ቀጠሮ በደቂቃ የሚያውቅ፣ ስለ ራሱ ቀጠሮ ሲጠየቅ ግን በላብ የሚጠመቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ልቤን የሰጠሁት ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። ዳዊት ይባላል።

ትናንት ከመገናኛ ወደ ሰሚት በታክሲ ስንሄድ፣ “ሜርኩሪ በ2025 ዓ.ም. ኅዳር አራት ቀን ጠዋት በፀሐይ ፊት ታልፋለች። አብረን ነው የምናያት” አለኝ።

ደነገጥኩ። አብረን ማለት ምን ማለት ነው? አባቴ “ያ ልጅ ሽማግሌ የሚልከው መቼ ነው?” ማለት ከጀመሩ ሰንብተዋል። እንደ ምንም ደፍሬ፣ “እስከዚያ ሽማግሌ ቤታችን ይመጣል?” አልኩት።

አሰበ፣ አሰበ። “እሱን እንኳ ከአሁኑ በእርግጠኝነት መናገር ይከብዳል።”

ከፊታችን የተቀመጡ እናት ዞር አሉ። “ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ‘ወራጅ አለ’ በይ እንጂ!”